ጎበዜን በዲስኬት ስንልከው

ባለፈው ሳምንት እስራኤል አገር በኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ የክፋር ዮናውን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት ከኋላዬ በዕብራይስጥ «አለም! ጊቡይ አለሽ?» ብላ ጮኸች። ፊቷን ሳላይ፣ ድምጿንም በደንብ ሳልለየው፣ ቃሉን አወቅሁት። ጊቡይ መጠባበቂያ ማለት ነው፤ በኮምፒውተር ያለ ነገር ድንገት ቢጠፋ መልሰው የሚያወጡት፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂው። እኔን በዚህ ቃል ሰላም የምትለኝ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ዞር ስል እውነትም ላሪሳ ናት። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል፤ ጎማ ያለው የገበያ ጋሪ ትጎትታለች፤ ከንፈሯን ግን እንደ ድሮው ደማቅ ቀይ ተቀብታለች። «አለኝ እንጂ! በሁለት ቦታ አለኝ» አልኋት። ተቃቅፈን ስንስቅ ወረፋ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «ያ ሰውየሽስ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው፤ እርሻውም ቤቱም እንዳለ ነው» ስላት፣ አጠገባችን የቆመች አንዲት የአገሬ ልጅ ባሌን የጠየቀችኝ መስሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችልኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሌላውም መጣ። ላሪሳን እግሯን ስለሚያማት አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ብዙ አወራን። ክፋር ዮና ልጄ ቤት ስደርስ ምሳው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አካሌ እዚህ ይቀመጥ እንጂ ሐሳቤ ያንኑ ዘመን ሲዞር ይውላል።

ያን ጊዜ ጣቢያው ዙሪያ የካሴት ሻጭ ነበር። ዛሬ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የጎንደሩንም የሸዋውንም ዘፈን በካርቶን ደርድሮ ይቀመጣል፤ «እስቲ አሰማኝ» ካሉት ያሰማል፣ ሰው ተሰብስቦ ትከሻውን ነቅነቅ ሳያደርግ አይሄድም። ጠዋት የሚጋገረው፣ ቡሬካስ የሚሉት አይብ የገባበት ዳቦ ሽታ ከአውቶቡሱ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ልብስ ላይ ይቀራል። እኛ ሴቶቹ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ቀሚስ ለብሰን፣ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ተጫምተን ነበር የምንሄደው፤ አሁን ፎቶውን ሳይ በዚያ ጫማ ደረጃ እንዴት እንደወጣሁ ይገርመኛል። ወንዶቹ ስልካቸውን ቀበቷቸው ላይ ይሰኩታል። ወደ ኢትዮጵያ ለመደወል ደግሞ ጀርባው በብርማ ቀለም የተሸፈነ ካርድ ይገዛል። በጥፍር ፍቀን ቁጥሩን እናወጣለን። አንዱ ካርድ ከአንድ ሙሉ ዶሮ ይወደድ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ከደወልሁ ዶሮ የለም፣ ዶሮ ካለ አልደወልሁም ማለት ነው።

የምደውለው ለወንድሜ ለታደለ ነበር። ታደለ በአባት ነው ወንድሜ። እናቱ ሌላ ናት፤ እሱን ግን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጀርባ ወርዶ ነው መራመድ የተማረ። እኛ ወደ እስራኤል ስንመጣ አባባ፣ እኔና ልጆቼ ተፈቀደልን፤ ታደለ ግን «የእናቱ ወገን አይሁድ መሆኑ ገና ይጣራል» ተባለና ጎንደር ቀረ። «ለጥቂት ወራት ነው» ብለን፣ ልብሱን እንኳ በወጉ ሳናሟላለት ነው የተለየነው። ወራቱ ዓመት ወለደ፣ ዓመቱም ዓመት። እኔ ዶራ በሚባለው የኔታንያ ሰፈር ከሚገኙት ሕንጻዎች በአንደኛው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባባና ከልጆቼ ጋር እየኖርሁ፣ ከሥራ መልስ የእሱን ቲክ፣ ማለት የእሱን መዝገብ፣ ልጠይቅ ከሚስራድ ሚስራድ፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት፣ እዞር ነበር።

ስልኩ ላይ ታዲያ የምንባባለው አለቀብን። «እታለም፣ ደህና ናችሁ?» ይለኛል። «ደህና ነን። አንተስ?» «ደህና ነኝ። ወረቀቱስ?» «ገና ነው።» ወሬ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ይሄድና እዚያው ይቆማል። እኔ ስለምበላው ብነግረው አፍራለሁ፣ እሱ ስለቸገረው ቢነግረኝ ያፍራል። ካርዱ ሳያልቅ ወሬው እያለቀ፣ የሁለታችንን ትንፋሽ እየሰማን እንቀመጥ ነበር። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ ምን ብዬ ላናግረው እያልሁ፣ ሳልደውል የቀረሁባቸው ሳምንታትም ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ነው ዶራ ማትናስ፣ የሰፈራችን የሕዝብ ማእከል፣ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ትምህርት የከፈተው። አስተማሪዋ ላሪሳ ነበረች። እሷም ከሩሲያ ከመጣች ብዙ ዓመት አልሆናትም፤ የእሷ ዕብራይስጥና የእኔ ዕብራይስጥ እኩል የተሰበረ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። እኔ የሄድሁት ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚያወሩት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ አንድ ነገር ሳይገባኝ ካለፈ እንቅልፍ አይወስደኝም። የመጀመሪያው ቀን ማውስ የሚሉትን ስጨብጥ ቀስቷ ከኮምፒውተሩ መስታወት ጥግ ገብታ ጠፋችብኝ። ላሪሳ ይህን ስታይ «እናንተ መጀመሪያ ተጫወቱ» ብላ ጨዋታ ከፈተችልን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ትሠራላችሁ። ቁመቱን፣ መልኩን፣ ኮፍያውን ትመርጣላችሁ፤ ስም ትሰጡታላችሁ። ጨዋታው ሲጀምር ያ ሰው አንዲት የፈረሰች ጎጆ ደጃፍ ላይ ባዶ እጁን ቆሟል። እንጨት ይሰብራል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ መሬት ይቆፍራል፤ ጫካ ገብቶ ከተኩላ ጋር ይጣላል። በሠራ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ቤቱ ያድጋል። ሌሎቹ ሴቶች ማውሱን ሲለምዱ ወደ ጽሕፈቱ አለፉ። እኔ ግን ያ ሰው ከወንዙ ማዶ ምን እንደሚያገኝ ሳላይ መሄድ አልሆነልኝም።

ነገ ስመለስ የትናንቱን ሰው ባጣውሳ ብዬ ስጨነቅ ላሪሳ ያኔ ነው ያስተማረችኝ። ሰውየው ያለው በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው፤ ጉልበቱ፣ ቤቱ፣ ኪሱ ያለው ዓሣ ሳይቀር እዚያ ተጽፏል። ያንን ፋይል ቀድታ በዲስኬት ሰጠችኝ። ዲስኬት የማያውቅ ልጅ ቢያነበው፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ስስ ካሬ ፕላስቲክ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ክብ ፊልም አለ። «ይኸው ጊቡይ። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ሰውየው አይሞትም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰሽ ታስነሽዋለሽ» አለችኝ። ዲስኬቷን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ቆሜ አገላበጥኋት። ሌላ ኮምፒውተር ስትል የትም ያለ ኮምፒውተር ማለቷ ነው? ጎንደር ያለስ?

ታደለ ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር፤ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ በኮምፒውተር ይጽፋል። ኢንተርኔት እዚያ በደቂቃ የሚሸጥ፣ ሲከፍቱት የሚቋረጥ ነገር ነበር፤ ፋይል መላክማ አይታሰብም። ስለዚህ ጨዋታውን ሁለት ገዝቼ፣ አንዱን ለልጆቼ በገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንሁ፤ ሌላውን ከነሣጥኑ ላክሁለትና በስልክ ተማከርን። ስሙን ማን እንበለው? በአባባ ስም ብንል ተኩላ ሲነክሰው ያሳዝነናል። በልጆቼ ብንል ይጣላሉ። በቤተሰባችን ጎበዜ የሚባል ሰው ስለሌለ ጎበዜ አልነው። ያን ቀን ካርዱ እየተጣደፍን ነው ያለቀብን። ከስንት ጊዜ በኋላ!

የመጀመሪያዋን ዲስኬት የወሰደልን አያ ፈንታ ነው። አያ ፈንታ ጎረቤታችን ነበር፤ ሽማግሌ ቢሆንም ዘመዶቹ ጎንደር ስላሉ በየጊዜው ይመላለሳል። ጫማና መድኃኒት እየላክን የምናስቸግረው እሱን ነው። ዲስኬቷን ስሰጠው በሁለት ጣቱ ያዛት።

«ምንድነው ይኼ?»

«አያ ፈንታ፣ ሰው ነው ውስጡ ያለው።»

«የምን ሰው?»

«ጎበዜ የሚባል። ዓሣ አጥማጅ ነው። ለታደለ ስጥልኝ፤ እሱ ያጫውተውና መልሶ ይልከዋል።»

አያ ፈንታ ዲስኬቷን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት። «ፓስፖርት ሳይጠየቅ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው» አለና ከደረት ኪሱ ከተታት።

እንዲህ ጀመርነው። ጎበዜ ይሄዳል፣ ይመጣል። ከእኔ ዘንድ ሲሄድ ጎተራው በዓሣና በእንጀራ የሞላ ነው፤ እኔ ጠብ አልወድም፣ ወንዝ ዳር ነው የማውለው። ከታደለ ሲመለስ ጎተራው ባዶ፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ሆኖ፣ የተኩላ ቆዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። «ርቦት ነው የላክኸው!» እለዋለሁ በስልክ። «አንቺ ደግሞ ዓሣ ብቻ አብልተሽ ፈሪ አደረግሽው» ይለኛል። አንድ ሕግ ነበረን፤ ዲስኬቷ መንገድ ላይ ሳለች ማናችንም አንነካውም፤ ሁለታችንም ብንጫወት ሁለት ጎበዜ ይሆናልና። ያኔ እኔ ወጥ እየሠራሁ አስበው የነበረውን ነገር ለላሪሳ ስነግራት ትስቅ ነበር። ጎበዜ አሁን የት ነው ያለው? ከእኔ ኮምፒውተር የቆመው አለ፤ ታደለ ዘንድ የቆመው አለ፤ ከአያ ፈንታ ኪስ የተቀመጠውም አለ። የቱ ነው እውነተኛው? ላሪሳ «መጨረሻ የኖረው» አለችኝ። መልሷ ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ኖሯል። ዛሬ የልጅ ልጄ በስልኩ ሲጫወት አየዋለሁ፤ ጨዋታው ሳይጠይቀው ራሱ ያስቀምጥለታል፤ ስልኩ ቢጠፋ በአዲሱ ስልክ ካቆመበት ይቀጥላል። «ሰውየህ የት ነው የተቀመጠ?» ስለው «ደመና ላይ» ይለኛል ቀና ሳይል። እኔ ግን ሰው ደመና ላይ ማን እንዳወጣው ሳልጠይቅ እንዴት ልለፍ?

ያ ዲስኬት ሲመላለስ የታደለን ነገር ከስልኩ ይልቅ ከጎበዜ እሰማ ጀመር። ክረምት ላይ ቤቱን ሳይሠራለት፣ ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀምጦት ከላከልኝ ከፍቶት እንደነበር ይገባኛል። አንዴ የባሕር ዳርቻ ወስዶ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ አቁሞት ነው የላከው። እኔም ምንም ሳልል ከጎኑ እሳት አንድጄ መልሼ ላክሁለት።

ታዲያ አንድ ቀን ከሚስራዱ ደስ የሚል ነገር ሰማሁ። የታደለ ቲክ ተጣርቶ አልቋል፤ ተራው ቅርብ ነው፤ በላጤነት ስለተመዘገበ ነገሩ ቀላል ነው አሉኝ። እየሮጥሁ ካርድ ገዝቼ ደወልሁለት። እልል ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እታለም፤ ብዙ ደከምሽ» አለኝ። ድምጹ የሚደሰት ሰው ድምጽ አይደለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ፣ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ራሱ ደወለ።

«እታለም፣ አያ ፈንታ የሚያመጣልሽን ዲስኬት ተይው።»

«ምን ሆነ?»

«ያለ አግባብ ተጫውቼበታለሁ። አንቺ ዘንድ ባለው በድሮው ጎበዜ ቀጥዪ።»

«ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ተይው ብቻ። አደራ።»

እኔን ተይው ማለት ክፈቺው ማለት እንደሆነ አዝዬው ያደገ ልጅ እንዴት ይጠፋዋል? አያ ፈንታ እስኪመጣ ድረስ በምሠራበት ወጥ ቤት አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አጥብ ነበር።

አያ ፈንታ መጣ፤ ዲስኬቷም መጣች፤ ነገር ግን ከጎንደር ያመጣው ማር ሻንጣው ውስጥ ፈስሶ፣ ዲስኬቷን ከአፏ እስከ ጀርባዋ አልብሷት ነበር። ምስኪን፣ በጣም አዘነ። «ልጄ፣ ሰውየሽን በማር ገደልሁት» አለኝ። ጠርጌ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳስገባት ማሽኑ ቋ ቋ ቋ አለና ማንበብ አልቻለም። በማግስቱ ይዣት ማትናስ ሄድሁ።

«ምን ነካው?» አለችኝ ላሪሳ።

«ማር።»

«ማር?» ጣቷን አስነክታ ላሰችው። «እውነትም ማር ነው። ጊቡይ አለሽ?»

«የድሮው አለኝ። እኔ የምፈልገው ግን ይኼን ነው።»

«ምን አለበት ይኼ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አልኋት።

ላሪሳ ሌሎቹን ተማሪዎች ጽሕፈት አዘዘቻቸው። ከዚያ የዲስኬቷን ጠርዝ በስለት ከፈተችው። በሕይወቴ ያን ያህል ተጠንቅቆ የሚሠራ እጅ አላየሁም። ክቡን ፊልም አወጣችው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። የተጣራ ውኃ አስመጥታ በስሱ አጠበችው፣ በጨርቅ ላይ አሰጣችው፤ እስኪደርቅ ሁለታችንም ሻይ እየጠጣን እንደ ታማሚ ጠበቅነው። ከዚያ የሌላ ባዶ ዲስኬት ሆድ ቀድዳ፣ ያን ፊልም በዚያ ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ቆመ፤ እንደገና አጉረመረመ። ላሪሳ በሩስኛ አንድ ነገር አለችው፣ ስድብ ይሁን ጸሎት አላውቅም። ፋይሉ ተነበበ። ቶሎ ብላ በሁለት ቦታ ቀዳችው፣ ጨዋታውንም ከፈተችልኝ።

ጎበዜ በሩ ላይ ቆሟል። ገና ሳየው ቤቱ ትልቅ መሆኑን አየሁ፤ ለአጥር ያስቀመጥሁለት እንጨት በሙሉ አልቋል። ወደ ውስጥ አስገባሁት። ምድጃው አጠገብ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች። በጨዋታው ከመንደሩ አንዲት ሴት ስጦታ እየተቀበለች ከቆየች ከሰውየው ጋር ለመኖር ትመጣለች፤ ይህን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ታደለ ተኩላ እንጂ ሴት ሲያይ አያውቅም ነበር። ከሴትየዋ ጎን ትንሽ የእንጨት ነገር አለች። ጠጋ ብዬ ማውሱን ሳስነካት ስሟ ብቅ አለ። ላሪሳ በዕብራይስጥ ነገረችኝ። የሕፃን አልጋ ናት።

ካርድ ገዛሁ። በጣቢያው አጠገብ ካለው የሕዝብ ስልክ ነው የደወልሁት፤ ከቤት አባባ ይሰማል ብዬ።

«ታዴ፣ ስሟ ማነው?»

አውቶቡሶቹ ሲጮኹ ጆሮዬን በእጄ ደፈንሁ።

«እታለም... ማን ነገረሽ?»

«ጎበዜ።»

ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ካደገ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሙሉ ትባላለች አለኝ። እኛ ከምንመዘገብበት ወገን አይደለችም፤ ለሚስራድ ቢናገር መዝገቡ ካዲስ እንደሚጀመር ያውቃል። ልጅ ተወልዳላቸዋለች፤ ዝናሽ ብለዋታል። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ አቃተኝ፣ አንቺ በየበሩ እየቆምሽልኝ እንዴት ልበልሽ፣ ስለዚህ ቤት ሠርቼ ላክሁት አለኝ። ዲስኬቷን ለአያ ፈንታ ከሰጠ በኋላ ነው ተራህ ደርሷል ያልሁት። ያኔ ፈራ። «ብቻዬን መጥቼ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ላመጣቸው አሰብሁ» አለ። ካርዱ ሊያልቅ ሲል የሚሰማው ድምጽ ተሰማ። «አሁንም እንደዚያ ነው የምታስበው?» አልሁት። ሳይመልስልኝ ተቋረጠ።

ለአባባ መንገር ነበረብኝ። አባባ ታሟል፤ ልብ ነው ብለውታል፤ ሲነጋ ሲመሽ የሚጠይቀኝ «ታደለ መቼ ነው?» የምትለዋን ብቻ ነው። አሁን ተራው ደርሶ ሳለ እንደገና ይጠበቅ ማለት፣ አባባን ልጅህን ላታየው ትችላለህ ማለት ነው። በመጨረሻ እጁን ይዤ ልጆቼ ክፍል አስገባሁትና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥሁት። ጎበዜን አሳየሁት፤ ቤቱን፣ ሴቲቱን፣ አልጋዋን። ሁሉንም ነገርሁት። አባባ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ልጅቱ የት አለች?»

«ጨዋታው ልጅ አያሳይም አባባ፤ አልጋዋን ብቻ ነው።»

ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «እኔ ለጥቂት ወራት ነው ብዬ ልጄን ትቼ መጣሁ» አለ። «እሱም ልጁን እንዲያው ብሎ ትቶ አይምጣ። ሦስቱም ሆነው ይምጡ። እኔ እጠብቃለሁ።»

«አባባ፣ ብዙ ይቆያል እኮ።»

«ሥራ ስጪኝና ይቆይ» አለኝ።

ለታደለ ደውዬ የአባባን ቃል ስነግረው «እሺ፣ ሦስታችንም እንመጣለን» አለኝ። ሚስራድ ሄጄ ወንድሜ ባለ ትዳር ነው፣ ልጅም አለው አልሁ። ያስተናገደችኝ ሴት ስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ተራው ደርሶ ሳለ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። መዝገቡ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከታደለ ጋር ግን ከዚያ ወዲህ ወሬ አጥተን አናውቅም፤ ዝናሽ ጥርስ አወጣች፣ ዝናሽ ዳኸች፣ ሙሉ እንዲህ አለች፤ ካርዱ ነበር የማይበቃን። የሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር መብራት መጥቶ ሲሄድ ተቃጠለና ዲስኬት መላላኩ ቀረ። ጎበዜም ዶራ ቀረ።

አባባ ሥራ ያለው ቀልዱን አልነበረም። ጠዋት ጸሎቱን ሲያደርስ፣ ጋቢውን እንደለበሰ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ማውሱን አይነካም፤ እኔ አራሽ ነኝ፣ እሱ ባለ መሬት። «እዚያ ድንጋዩን ልቀሚ። አሁን እረሺ። ኧረ በአግድም! በዳገት ላይ ቁልቁል የሚያርስ ማነው?»

«አባባ፣ እዚህ እኮ ጎርፍ የለም።»

«ገና አልመጣ ይሆናል።»

ጨዋታው ያለው ዛፍ አንድ ዓይነት ነው፤ አባባ ግን ይኼ ዋንዛ ነው፣ ያኛው ብሳና ነው፣ ከብሳናው ሥር ከብቱ ያርፋል ይለኛል። ቀስ በቀስ ከጎጆው ጀርባ የነበረው ጠፍ መሬት ሁሉ ታረሰ። በየቀኑ ሲጨርስ «አስቀመጥሽው?» ሳይለኝ አይነሣም። ለታደለ ልንገረው ስለው አይሆንም አለ። «ሲመጣ ራሱ ይየው። ቤት ሠርቶ ነው የነገረን፤ እኛም እርሻ እንንገረው።»

አባባ አንድ የክረምት ጠዋት፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣ አልጋው ላይ እንዳለ ሄደ። ታደለ ጎንደር ሆኖ ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፈንሁት፤ ለብዙ ጊዜ አልከፈትሁትም። አንድ ቀን ግን ላሪሳ እዚያው አውቶቡስ ጣቢያ አግኝታኝ «ጊቡይ አለሽ?» ስትለኝ፣ ማሽኑ ዝም ብሎ ቆሞ ቢበላሽስ የሚል ነገር ልቤን ቆረጠው። ቤት ገብቼ ጨርቁን ገልጬ የአባባን እርሻ በሌላ ዲስክ ቀዳሁት፤ ያንንም ለላሪሳ በአደራ ሰጠኋት።

ታደለ፣ ሙሉና ዝናሽ መጡ። መጀመሪያ የአዲስ ገቢዎች መጠለያ ነበሩ፤ ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶራ እኔ ቤት ደረሱ። ወንድሜ ሸብቷል። ከበሩ ላይ አንገቴን አቅፎ እንደ ልጅነቱ ትከሻዬ ላይ ተደገፈ፤ ተሸክሜው እንደነበር ጀርባዬ አስታወሰ። ሙሉ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ አነሣኋት። ዝናሽ ጥርሷ የሚወልቅበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ሰላምታ ሳትጨርስ ማቀዝቀዣውን ከፍታ መብራቱ ሲዘጋ ይጠፋ እንደሆነ ትመረምር ጀመር። ይህችስ የእኔ ናት አልሁ በሆዴ።

ምሳ በልተን ስናበቃ ታደለን ወደ ልጆቹ ክፍል ወሰድሁትና ጎበዜን ከፈትሁለት። ቤቱን ሲያይ ፈገግ አለ፤ እሱ ራሱ የሠራው ነው። ከዚያ ጎበዜን ወደ ጓሮ አወጣሁት። ታደለ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ትልሙን ከዳር እስከ ዳር ተከተለው።

«ማን ነው እንዲህ በአግድም ያረሰ?»

«አባባ። ጎርፍ ፈርቶ።»

ሳቀ፤ እየሳቀም ዓይኑን በመዳፉ ያዘ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርሁ። በዚህ መሐል ዝናሽ በመካከላችን ገብታ ማውሱን ይዛ ኖሯል። እኔ ቀስቷን ያጣሁባትን ማውስ እሷ ወዲያው ለመደቻት። ጎበዜ በእርሻው ውስጥ ሮጠ፣ መጥረቢያውን አነሣ፤ ዞር ስንል ዋንዛውን ገነደሰችው። «ወደቀ!» አለች በደስታ።

ታደለ ደነገጠ። ጨዋታውን ልዘጋ ስል ማሽኑ እንደ ልማዱ ጠየቀን፤ የነበረው ይጥፋና በአሁኑ ይተካ? ታደለ እጄን ያዘው። «አይጥፋ!» አለ። ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። መልሼ ስከፍተው ዋንዛው ካለበት ቆሟል፣ ትልሙም እንዳለ ነው። ዝናሽ አፏን ከፍታ አንዴ ዛፉን፣ አንዴ አባቷን አየች።

«ለምን አይጥፋ አልህ አባ?»

«አያትሽ እዚህ ውስጥ አርሷል።»

ልጅቱ ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ወጣች። መስታወቱ በትንፋሿ እስኪደበዝዝ ድረስ ፊቷን አስጠግታ፣ በእጇ ጠርጋ እንደገና አየች።

«የታለ?» አለች።